ለሆድ የተፈቀደ፣ ለሳምባ ያልተፈቀደ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር ጽሑፍ)




የዝግጅት ኮሚቴው ከሙያችን አጥር ጥቂት ወጣ ያለ ርእስ ይዘን እንድንቀርብ ሲጠይቀን፣ እኔ የመረጥሁት ርእስ አጥሩን እጅግ አርቆ የዘለለ መስሎ ይታይ ይሆናል። መሐንዲስ ስለ ሳምባ በሽታ ምን አገባው? የሚለውን ጥያቄ ገና ከመጀመሬ ባንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ አነባለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ሕክምናውም የምናገረው እጅግ ጥቂት ነው። የምናገረው ስለ ዘይት ነው። ዘይት ደግሞ የእኛ ዕቃ ነው፤ የምናጣራው፣ በቧንቧ የምናስኬደው፣ በግፊት የምንረጨውና በሙቀት የምናተንነው እኛ ነን። ዘይት ከሆድ ይልቅ ወደ ሳምባ እንዲገባ መንገድ የሚከፍተው ብዙውን ጊዜ አንድ መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውንም የነደፈው አንድ የሙያ ባልደረባችን ነው።

ለጉዳዩ መግቢያ እንዲሆነን ቫይታሚን ኢን እንውሰድ። በከተማችን በየትኛውም መድኃኒት ቤት በለስላሳ እንክብል ተሞልቶ ይሸጣል። የሚውጠው አለ፤ እንክብሉን በመርፌ በስቶ ፊቱን የሚቀባበትም አለ። ይህ ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1922 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤቫንስና ቢሾፕ በተባሉ ተመራማሪዎች ከታወቀ ወዲህ መቶ ዓመት ያለፈው ሲሆን፣ ለምግብ ማሟያነት በሚወሰደው ልክ ሲዋጥ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታመን ነገር ነው። በእንክብሉ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቫይታሚን ኢ አሲቴት የሚባለው ዓይነት ነው፤ መልኩ ወርቃማ፣ ጠባዩ እንደ ማር ዝልግልግ የሆነ ዘይት ነው። ይኸው ዘይት እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ለተነሣው የሳምባ ሕመም ወረርሽኝ ዋናው ተጠያቂ ሆኖ ተገኘ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እስከ የካቲት 18 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ ሆስፒታል የገቡ ወይም የሞቱ 2,807 ሰዎችን መዝግቧል፤ ከነዚህ ውስጥ 68ቱ ሞተዋል። አንድ ነገር በጉሮሮ ሲወርድ ምግብ፣ ጥቂት ጣቶች ብቻ ፈቀቅ ብሎ በአየር ቧንቧ ሲወርድ ገዳይ የሚሆነው እንዴት ነው? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ሳምባን በመሐንዲስ ዓይን ብንመለከተው፣ እጅግ ሰፊ ወለል በትንሽ ዕቃ ውስጥ ታጥፎ የገባበት የጋዝ መለዋወጫ ነው። የአየር ቧንቧው ሁለት ሁለት እየሆነ ሃያ ሦስት ጊዜ ያህል ይከፋፈልና መጨረሻው ላይ ከ300 ሚሊዮን በላይ በሆኑ የአየር ከረጢቶች ያበቃል። የእያንዳንዱ ከረጢት ስፋት ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ሁሉም ቢዘረጉ 70 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ወለል ይወጣቸዋል። አየሩን ከደሙ የሚለየው ግድግዳ ደግሞ ከአንድ ማይክሮን የሚያንስ ቅጥነት አለው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርታችሁ አምጡ ብንባል ከመካከላችን እሺ የሚል የሚገኝ አይመስለኝም።

የአረፋን ሕግ ከዩኒቨርሲቲ የምታስታውሱ እንደምታውቁት፣ የአንድ አረፋ ውስጣዊ ግፊት ራዲየሱ ባነሰ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ የከረጢቶቹ ውስጠኛ ገጽ በተራ ውሃ ብቻ የረጠበ ቢሆን ኖሮ ትናንሾቹ ከረጢቶች አየራቸውን ወደ ትልልቆቹ እየገፉ ይጨመደዱ ነበር። ይህን የሚከላከለው ሰርፋክታንት የተባለ፣ ባብዛኛው ከፎስፎሊፒድ የተሠራ፣ እንደ ሳሙና የውሃውን ገጽ ውጥረት የሚያላላ ስስ ሽፋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሬ ሚድ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው መተንፈስ አቅቷቸው የሚሞቱት ሕፃናት የጎደላቸው ይኸው ሽፋን መሆኑን አሳዩ። እንግዲህ ሳምባ ራሱ ቅባት አለው፤ ግን የተለካ፣ በሥርዓት የተደረደረ ቅባት ነው። ከውጭ የሚመጣው ዘይት ወደዚህ ሽፋን ሰርጎ ሲገባ ድርድሩን ያፈርሰዋል። የቫይታሚን ኢ አሲቴት ሞለኪውል ረጅም ጭራ ስላለው በፎስፎሊፒዶቹ መካከል ለመግባት የተመቸ መሆኑንና ጠንከር ብሎ መቆም የሚገባውን ሽፋን ሊያላላው እንደሚችል የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጽፈዋል።

ሆድ ግን ለዘይት የተዘጋጀ ነው። ሐሞት ዘይቱን ይበትነዋል፤ ከቆሽት የሚመነጨው ፈሳሽ ይቆራርጠዋል፤ የቀረውም መውጫ በር አለው። በሳምባ ውስጥ ሐሞት የለም፤ መውጫውም መግቢያው ራሱ ነው። እዚያ ያሉት ማክሮፋጅ የተባሉ ጠራጊ ሴሎች ናቸው። እነዚህ የዘይቱን ጠብታ ይውጡና ሆዳቸው በአረፋ የተሞላ መስለው ይቀራሉ። ዘይቱ የማዕድን ዘይት ከሆነ ሊያፈጩት አይችሉም፤ ሲሞቱም ጠብታው ይፈስና ሌላው ሴል ይውጠዋል። እንዲህ እየተቀባበሉ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ፤ ቦታውም ቀስ በቀስ ጠባሳ ይሆናል። የእንስሳት ቅባት ከሆነ ይቆራረጣል፤ የሚወጣው የሰባ አሲድ ግን ሥጋውን ይለበልባል። የአትክልት ዘይቶች በጠቅላላው ለዘብ ይላሉ። ሐኪሞች ይህን ሕመም የቅባት የሳምባ ምች ይሉታል።

አንድ ተጨማሪ ክፉ ጠባይ አለው። ውሃ ወይም ሽሮ ወደ አየር ቧንቧ ቢሳሳት ትን ይለናል፤ ዓይናችን እስኪያለቅስ እንስላለን፤ ይህ የተፈጥሮ ማስጠንቀቂያ ደወል ነው። ለስላሳ ዘይት ግን ደወሉን ሳይደውል ያልፋል። በአየር ቧንቧው ግድግዳ ላይ ቆሻሻን ወደ ላይ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮችም እንቅስቃሴያቸውን ያዳክማል። ስለዚህ ሰውየው ዘይት ወደ ሳምባው እንደገባ ራሱም አያውቅም፤ ለሐኪሙም አይነግርም።

ጉዳዩን በመጀመሪያ አጥርቶ የጻፈው ላፍለን የተባለ ሐኪም ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1925 ነው። በዚያ ጊዜ በአፍንጫ የሚነጠብ ዘይትና ለሆድ ድርቀት የሚጠጣ ፈሳሽ ፓራፊን በየቤቱ ይገኝ ነበር። በሕመሙ የሞቱትን ሰዎች ሳምባ ሲመረምር በውስጡ ዘይት አገኘ። ከዚያ በኋላ ፒንከርተን የተባለው ተመራማሪ የተለያዩ ዘይቶችን በእንስሳት ሳምባ ላይ ሞክሮ ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን የማዕድን፣ የእንስሳና የአትክልት ዘይት ልዩነት አሳየ። በዚያው ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ሕፃናት አጥንታቸው እንዳይጎብጥ የዓሣ ጉበት ዘይት በማንኪያ ይሰጣቸው ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ይህን ዘይት በሽታው ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ፤ በጣት አፍንጫን ይዞ መዋጥ ካልሆነ በቀር ሌላ ዘዴ አልነበረውም። ዘይቱ ለአጥንት በእርግጥ ይጠቅማል። ሆኖም እያለቀሰ፣ እየታገለ በግድ የሚጋት ሕፃን በለቅሶው መካከል ትንፋሽ ሲስብ ዘይቱም አብሮ ይሳባል። በኮሪያ ሪፑብሊክም ለጤና ማሟያ ተብሎ የሚሸጠውን የሻርክ ጉበት ዘይት ሲወስዱ ወደ ሳምባቸው የገባባቸው ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። በሳውዲ አረቢያና በሕንድም ለሕፃናት የነጠረ ቅቤ ወይም ሌላ ዘይት በአፍ ወይም በአፍንጫ የማጠጣት ልማድ ተመሳሳይ ሕመም ማስከተሉ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ወደ ቤታችን መመለስ ግድ ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ ለተወለደ ሕፃን ከእናቱ ጡት በፊት ቅቤ የማቅመስ ልማድ እንደነበረ፣ ባንዳንድ ስፍራም እስካሁን እንዳለ በጤና ጥናቶች ተመዝግቧል። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ለክፋት አልነበረም። ቅቤ የክብር ምግብ ነው፤ በእንግድነት ወደዚህ ዓለም ለመጣ ሰው የመጀመሪያ ግብዣ መሆኑ የፍቅር ምልክት ነው። ነገር ግን የአንድ ቀን ሕፃን መዋጥንና መተንፈስን ገና በቅጡ አላስማማም። በጀርባው ተኝቶ የቀለጠ ቅቤ ሲንቆረቆርለት ቅቤው ወደየትኛው ቧንቧ እንደሚወርድ የሚያውቅ የለም፤ አስቀድሜ እንዳልሁትም ትን ብሎት አይነግረንም። ጤና ሚኒስቴር ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም እንዳይሰጥ የሚመክርባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ይህ ግን ሲነገር የማይሰማ ተጨማሪ ምክንያት ነው። እኔን በይበልጥ የሚያሳስበኝ ደግሞ፣ የቅባት የሳምባ ምች በራጅ ሲታይ ነቀርሳ ወይም ካንሰር ሊመስል መቻሉ ነው። ነቀርሳ በበዛበት አገር አንድ ጥላ በራጅ ላይ ሲታይ ሐሳብ አስቀድሞ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ሐኪሙ «ዘይት ወይም ቅቤ ታጠጡታላችሁ?» ብሎ ካልጠየቀ እናቲቱ ከየት አምጥታ ትነግረዋለች? በእርሷ ዘንድ ቅቤ መድኃኒት እንጂ የበሽታ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ 2019 ዓመት እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ እመለሳለሁ፤ ለእኛ ሙያ ከሁሉ የሚቀርበው ታሪክ ይህ ነውና።

በዚያ ዓመት በጋ፣ በተለይ በዊስኮንሲንና በኢሊኖይ ግዛቶች፣ ጤናማ የነበሩ ወጣቶች ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳትና ማቅለሽለሽ ይዟቸው ወደ ሆስፒታል ይመጡ ጀመር። የመካከለኛ ዕድሜያቸው 24 ዓመት ነበር። አንዳንዶቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ በመተንፈሻ መሣሪያ እርዳታ ካልሆነ መኖር የማይችሉ ሆኑ። ተሐዋስያን ሲፈለጉ አልተገኙም። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማጨሳቸው ብቻ ነበር። ሲጠየቁም አብዛኞቹ፣ ማለት መረጃቸው ከተገኘው መካከል 82 በመቶው፣ ከካናቢስ የሚወጣውን ቲ.ኤች.ሲ. የተባለ አስካሪ ዘይት የያዘ ካርትሪጅ መጠቀማቸውን ገለጹ። ከነዚህም ብዙዎቹ ካርትሪጁን የገዙት ከሕጋዊ መደብር ሳይሆን ከጓደኛ ወይም ከመንገድ ነጋዴ ነው።

መስከረም 5 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ግዛት የጤና መሥሪያ ቤት በቤተ ሙከራው ከመረመራቸው የካናቢስ ናሙናዎች በአብዛኞቹ ውስጥ እጅግ ብዙ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ማግኘቱን አስታወቀ። ለምን ተጨመረ? መልሱ ለኢትዮጵያዊ ገበያተኛ አዲስ አይደለም። ማር በስኳር፣ ቅቤ በፓልም ዘይት እንደሚበረዘው ሁሉ፣ ውድ የሆነው የካናቢስ ዘይትም ይበረዝ ነበር። በዚያ ገበያ የጥራት መለኪያው አስገራሚ ነው። ገዢው ካርትሪጁን ገልብጦ በውስጡ ያለችውን የአየር አረፋ ይመለከታል፤ አረፋዋ ቀስ ብላ ከወጣች ዘይቱ ወፍራምና ያልተበረዘ ነው ይላል፤ ፈጥና ከወጣች ተበርዟል ይላል። እኛ ዝልግልግነትን በቪስኮሜትር እንለካለን፤ እነርሱ በአረፋ ይለካሉ፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። አጭበርባሪው ይህን ስለተረዳ ቀለሙም ዝልግልግነቱም ከካናቢስ ዘይት ጋር የሚመሳሰል፣ ሽታ የሌለው፣ ርካሽና በሕግ የተፈቀደ ነገር ፈለገ። ያገኘውም የመዋቢያ ቅባትና የምግብ ማሟያ የሚሠራበትን ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። የገዢው መለኪያ የሸቀጡን ጥራት ሳይሆን የሸቀጡን አንድ ጠባይ ብቻ ይለካ ስለነበረ፣ ጠባዩን ማስመሰል በቂ ሆነ። በጥራት ቁጥጥር ሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ ይህችን ነጥብ ልብ በሉልኝ።

መሣሪያው ራሱ ቀላል ነው፤ ባትሪ፣ የሚግል ሽቦና ዘይት የሚጠጣ ክር። ሽቦው ሲግል ዘይቱ ይተናል፤ ከሽቦው ራቅ ሲል ወዲያው ይቀዘቅዝና ከአንድ ማይክሮን በታች ወደሆኑ ጠብታዎች ይለወጣል። በአፍንጫና በጉሮሮ የተፈጥሮ ማጣሪያ የሚያዙት በተለይ ከ10 ማይክሮን የሚበልጡት ናቸው። የእኛ የሚረጩ መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ ጠብታ ስለሚወረውሩ ከጉዳታቸው ከፊሉን አፍንጫ ያስቀርልናል። ይህ መሣሪያ ግን በአመጋገብ ልማዳችን ያልነበረውን አደረገ፤ የምግብ ዘይትን በቀጥታ፣ በየደቂቃው፣ እስከ መጨረሻው የአየር ከረጢት ድረስ አደረሰ።

ማስረጃው በፍጥነት ተጠናከረ። ከ16 ግዛቶች የመጡ 51 ታማሚዎች ሳምባቸው በጨው ውሃ ታጥቦ እጣቢው ሲመረመር በ48ቱ ውስጥ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ተገኘ። ለማወዳደሪያ ከተመረመሩት 99 ጤነኞች ግን በአንዱም ውስጥ አልተገኘም። ይህ ጥናት በታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ይኸው ዘይት በጉም መልክ የተሰጣቸው አይጦች ሳምባቸው ተጎድቶ መገኘቱ ተገለጸ። የዩታ ሐኪሞችም በመረመሯቸው ስድስት ታማሚዎች ሁሉ ውስጥ ቅባት የዋጡ ማክሮፋጆችን አገኙ።

ሆኖም ነገሩ እስከ መጨረሻው ድረስ ቀላል አልነበረም፤ ሐቀኛ ለመሆን ይህንንም መናገር ይገባኛል። በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. የማዮ ክሊኒክ ሐኪሞች ከ17 ታማሚዎች የተቆረጠ የሳምባ ሥጋ መርምረው፣ ያዩት የቆየውን የቅባት የሳምባ ምች ሳይሆን መርዛማ ጭስ የተነፈሰ ሰው ላይ የሚታየውን ዓይነት ድንገተኛ ጉዳት መሆኑን ጻፉ። እንግዲህ ዘይቱ እንደ ፓራፊኑ ተከማችቶ ብቻ አልጎዳም። አንዱ ማብራሪያ ቀደም ብዬ የገለጽሁት የሰርፋክታንቱ መፍረስ ነው። ሌላው ለእኛ የሚቀርበው ነው፤ ቫይታሚን ኢ አሲቴት በሽቦው ላይ ሲግል ኬቲን የተባለ እጅግ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2020 በቤተ ሙከራ ታይቷል። በእንክብሉ ውስጥ ይህ ጋዝ የለም፤ በሆድም ውስጥ አይፈጠርም። መሣሪያው የምግቡን መንገድ ብቻ ሳይሆን ምግቡን ራሱን ለወጠው ማለት ነው። የሁለቱ ድርሻ ስንት ስንት እንደሆነ ሊቃውንቱ አልጨረሱም፤ እኔም ልቆርጠው አልዳዳም።

በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽያጭ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ የወንድሞቻችንና የእኅቶቻችን ልጆች ግን ይህ ክልከላ አይጠብቃቸውም፤ ወላጆቻቸው ይህን ታሪክ በራሳቸው ቋንቋ ቢሰሙት መልካም ነው እላለሁ።

«ቢበላ አይጎዳም» የሚለው ቃል ያሳሳተው የመንገድ አጭበርባሪዎችን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ፈንዲሻ በሚያሽግ አንድ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ስምንት ሰዎች ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎቻቸው በጠባሳ ተዘግተው ተገኙ። ምክንያቱ ለፈንዲሻው የቅቤ ጣዕም የሚሰጠው ዳያሴቲል የተባለ ቅመም ትነት ነበር፤ ፈንዲሻውን የበላው ሕዝብ ግን ምንም አልሆነም። በኮሪያ ደግሞ ለቤት ውስጥ እርጥበት ማመንጫ የሚጨመር የማጽጃ ፈሳሽ ከ1994 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ተሸጦ ብዙ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡር እናቶችን ገደለ፤ ኬሚካሉ ቆዳ ሲነካ ያን ያህል የማያሰጋ ነበር። ዘይት ባይሆኑም የሦስቱም ታሪክ አንድ ነው። ደኅንነቱ በአንድ በር ተመረመረ፤ መሣሪያው ግን በሌላ በር አስገባው።

እስካሁን የሰው አገር ታሪክ ነገርኋችሁ፤ አሁን ስለ እኛ ወርክሾፕ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የምግብ ማምረቻ ድርጅት የጥገና ክፍል ስሠራ፣ በታመቀ አየር የሚሠሩት የማሸጊያ መሣሪያዎች ከሚተፉት አየር ጋር ቀጭን የዘይት ጉም ይወጣ ነበር። ጧት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ በጨረሩ ውስጥ ሲንሳፈፍ በዓይን ይታያል። በመስመሩ ላይ የሚሠሩት ሴቶች በነጠላቸው አፍንጫቸውን ይሸፍኑ ነበር። ነገሩን ለሥራ መሪው ባመለክት፣ ዘይቱን የሚያቀርበው ድርጅት ወኪል ተጠራ። ወኪሉም ጣሳውን አንሥቶ አሳየን፤ ለምግብ መሣሪያዎች የተፈቀደ ነጭ የማዕድን ዘይት መሆኑ ተጽፎበታል። «ይህ እኮ ቢጠጣም አይጎዳም» አለ። ሥራ መሪውም ረካ፤ ስብሰባውም ተበተነ። ወኪሉ አልዋሸም። ፈቃዱ የተሰጠው ዘይቱ በድንገት ምግብ ቢነካ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ነው፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቢተነፈስስ? ለሚለው ግን ጣሳው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ያን ቀን ማታ የሠራሁትን ሒሳብ ላቅርብላችሁ። ክፍሉ 10 ሜትር በ10 ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር ቢሆን 400 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ ለማዕድን ዘይት ጉም የፈቀደው ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ 5 ሚሊግራም ነው። አየሩ የማይለዋወጥ ከሆነ ክፍሉን እዚህ ጣሪያ ላይ ለማድረስ የሚበቃው 2 ግራም ዘይት ነው፤ ይኸውም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። የዚያው አገር የሥራ ደኅንነት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ለብረት መቁረጫ ፈሳሾች ያሳሰበው ልክ ደግሞ ከዚህ አሥር ጊዜ ያንሳል፤ በዚያ ልክ ብንሄድ ጥቂት ጠብታዎች ብቻ ይበቃሉ። ከሉብሪኬተሩ በየደቂቃው የሚወርደውን ጠብታ ቆጥሮ የሚያውቅ የጥገና ሠራተኛ ይህን ቁጥር ሲሰማ ዝም ይላል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ዘይት የማይፈልጉ ቫልቮችን መምረጥ፣ ሉብሪኬተሩን በሚገባው ልክ ማጥበቅ፣ የሚተፋውን አየር በአንድ ቧንቧ ሰብስቦ ጉሙን በሚያጠምድ ፊልተር ማሳለፍ ወይም ወደ ውጭ ማውጣት። በተርን ማሽንና በፍሬዛ ዙሪያም መከለያ ማድረግና መምጠጫ መግጠም። ነጠላ ግን ማጣሪያ አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ጠብታዎችን አይዝም።

ሁለተኛው ነገር የጋራዥ ነው። ናፍጣ ወይም ቤንዚን ከበርሜል በላስቲክ ቱቦ በአፍ ስቦ ማውጣት በአገራችን እንደ ሙያ የሚቆጠር ነገር ሆኗል፤ የማይችለው ረዳት ይሳቅበታል። ናፍጣና ላምባ እንደ ምግብ ዘይት ዝልግልግ አይደሉም፤ ቀጭን ስለሆኑ አንድ ጉንጭ እንኳ ቢሳሳት በሳምባ ላይ በፍጥነት ይሰራጫሉ፤ በሰዓታት ውስጥም ብርቱ የሳምባ ጉዳት ያስከትላሉ። የዋጠውን ሰው ለማስመለስ መሞከር ደግሞ ጉዳቱን ይጨምራል፤ ሲመለስ በዚያው በር አጠገብ ሁለተኛ ጊዜ ያልፋልና። ሳያስመልሱ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው የሚገባው። ለዚህ ሥራ በእጅ የሚጨመቅ የነዳጅ መሳቢያ አለ።

በኮቪድ ወቅት በየቤቱ ስንታጠነው የነበረውን የባሕር ዛፍ እንፋሎት በተመለከተ ከጉባኤው በፊት አንድ ባልደረባዬ ጠይቆኝ ነበር። ቅጠሉ በፈላ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ጥቂት የሚተን ሽታ ነው፤ የምግብ ዘይት ጠብታ አይደለም፤ የእርሱ ዋና አደጋ በፈላ ውሃ መቃጠል ነው። የጥቁር አዝሙድን ወይም ሌላ የምግብ ዘይትን በእርጥበት ማመንጫ ወይም በመድኃኒት መርጫ መሣሪያ ጨምሮ መተንፈስ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው፤ ሊደረግ አይገባም።

እንግዲህ ለማኅበራችን ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አባሎቻችን የመሣሪያ ግዥ ሰነድ ሲያዘጋጁ «ለምግብ የተፈቀደ» የሚል ምስክር ወረቀት ለሚያቀርብ ዘይት ወይም ኬሚካል ሁሉ፣ በአሠራሩ ወደ አየር የሚወጣ እንደሆነ ስለ መተንፈሱ የተለየ ማስረጃ እንዲጠየቅ የሚል አንድ አንቀጽ እንዲጨመር። ሁለተኛ፣ ከሐኪሞች ማኅበር ጋር ተነጋግረን፣ በሳምባው ላይ ምክንያቱ ያልታወቀ ጥላ የታየበት ሠራተኛ የሥራ ቦታውና የሚሠራበት ዘይት እንዲጠየቅ፣ እኛም በበኩላችን የዘይቱን ዓይነትና የጉሙን መጠን ለክተን ለሐኪሙ የምንሰጥበት አሠራር እንዲዘረጋ። የአንቀጹን ረቂቅ በአንድ ገጽ ጽፌ ለጸሐፊው አስረክቤአለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ አርማችሁ እንድትጨምሩበት እጠይቃለሁ። በተለይ በኮምፕሬሰር መስመር ላይ የምትሠሩ ባልደረቦች የየድርጅታችሁን የሉብሪኬተር ፍጆታ በሊትር ይዛችሁ ብትመጡ ውይይታችን በቁጥር ላይ የተመሠረተ ይሆናል።